ልጄ 10ኛን ልትጨርስ ነው፤ ናቹራል ወይስ ሶሻል?

የሁለት ልጆች አባት
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ትምህርት ቤቷ የመስመር መምረጫ ቅጽ ልኮልናል። ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ወይም ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ) የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ይመለሳል። ይኸው ነው። አንድ ገጽ ወረቀት።

ልጅቷ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ትወዳለች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ሂሳብ ደህና ናት፣ ባዮሎጂም አትጠላም። ፊዚክስ ላይ ግን ውጤቷ ወረድ ይላል። ስትጠየቅ «ሶሻል» ትላለች። ጓደኞቿ በሙሉ ናቹራል ሊገቡ ስለሆነ ደግሞ ትወላውላለች።

የቤቱ ክርክር ሌላ ነው። እናቷ ናቹራል ትላለች። አያቷ ሐኪም ሆና ካላየኋት አልሞትም ብለዋል። አጎቷ «ሶሻል የሰነፍ ነው» ብሎ ደመደመ። እሱ ራሱ ሶሻል ተምሮ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ይሄን ስነግረው «ለዚህ እኮ ነው የምነግርህ» አለኝ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በብቃት ላይ የተመሠረተ ነው ይባላል። ተማሪው እንደ ዝንባሌውና እንደ ችሎታው ይመርጣል ይባላል። ታዲያ የልጄን ዝንባሌ ማን ለካው? እጄ ላይ ያለው የካርድ ውጤት ብቻ ነው። 11ኛና 12ኛ ልጅ ያላችሁ፣ መምህራንም ካላችሁ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ። «እንደ ፍላጎቷ አድርጋት» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ እሱንማ እኔም አውቃለሁ።

ቦሌ ሚካኤል
ናቹራል አስገባት። ከሶሻል ተነስቶ ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ አይገባም። በር መዝጋት ምን ይሠራል? አለቀ።

ሶሻል ነኝ አልደበቅም
እኔ ሶሻል ነኝ፣ አሁን ሕግ እያጠናሁ ነው። «የሰነፍ ነው» የሚለውን ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ትዝ ይላችኋል? ጥር 2015 ላይ ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ሁሉም ስለዚህ ቁጥር አወራ። ከሥሩ የነበረውን ግን ብዙ ሰው አላየውም። ከናቹራል ተፈታኞች 6.8 በመቶ አልፈዋል። ከሶሻል 1.3 በመቶ ብቻ። የሶሻል ተፈታኞች ቁጥር ደግሞ ከናቹራሉ በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ከ556 ሺህ በላይ ነበሩ። ያለፉት 7 ሺህ አይሞሉም።

እና ሶሻል ቀላል ነው የሚል ሰው ይሄን ያስረዳኝ። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለውን ሁሉ «አንተ ሶሻል ግባ» እያሉ ይልኩታል። ሂሳብ የሚፈራ ሶሻል ይገባል። ከገባ በኋላ ሂሳብ እዚያም ይጠብቀዋል፤ አፕቲትዩዱም (የአስተሳሰብ ችሎታ ፈተናው) ይጠብቀዋል፤ ኢኮኖሚክሱም በግራፍና በስሌት የተሞላ ነው። ሸሽቶ የመጣውን እዚያው አገኘው ማለት ነው።

ወንድሜ፣ ልጅህ ወዳ ከገባች እንደ እነዚህ ልጆች አትሆንም። ግን ሂሳቧን እንዳትጥል።

መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ
ከ«ሶሻል ነኝ» ጋር እስማማለሁ። ከውስጥ ሆኜ የማየውን ልጨምር። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ።

የማስተምረው ከአዲስ አበባ ውጭ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ድሮ በ1986ቱ ፖሊሲ 8-2-2 ነበር፤ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት ፕሪፓራቶሪ። ከ10ኛ በኋላ አገር አቀፍ ፈተና ነበረ፤ ያለፈ ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ሌላው ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ይህ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀረ። አሁን 6-2-4 ነው፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ ከዚያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ላይ። ስለዚህ 10ኛን የጨረሰ ሁሉ 11ኛ ይገባል። የሚለየው ነገር ያ ቅጽ ብቻ ሆነ። ድሮ ፈተናው ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ወረቀቷ ላይ ጣሉት።

አዲሱ መጽሐፍ በእውነት መጥፎ አይደለም። በየምዕራፉ «ተማሪው ይህን መሥራት ይችላል» የሚል ነው። ተግባር ይበዛዋል፣ ውይይት ይበዛዋል፣ ፕሮጀክት አለ። 9ኛና 10ኛ ላይ ሁሉም ተማሪ ከፊዚክስ እስከ ኢኮኖሚክስ ሁሉንም ይቀምሳል። ድሮ ኢኮኖሚክስ 11ኛ ሶሻል ሳይገባ የሚያየው አልነበረም፤ አሁን ልጁ ከመምረጡ በፊት አይቶታል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አያወራለትም።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለኝ። ተከታታይ ምዘና አድርግ እባላለሁ። የቡድን ሥራ እሰጣለሁ። አንዱ ልጅ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ሁሉም ዘጠኝ ከአሥር ያገኛሉ። ያ ዘጠኝ ካርዱ ላይ ይወጣል፤ ወላጅም ካርዱን አይቶ «ልጄ ፊዚክስ ትችላለች» ይላል። እኔ ግን የትኛው ልጅ እንደሚችል በልቤ አውቃለሁ። ካርዱ አያውቅም።

ላብራቶሪ የሚባል ክፍል አለን። ተቆልፏል። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፤ ውስጡ ያለው ከእኔ ዕድሜ በፊት የመጣ ዕቃ ነው። እንግዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት «ብቃት» የምመዝነው በጠመኔ ነው። በ1997 ገደማ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ የተማርኩት እኔ፣ ቢያንስ እዚያ ሙከራውን በስክሪን አይቼዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ የ12ኛው ፈተና አለ። አራት አመት «አስረዳ፣ ሥራ፣ ተወያይ፣ አቅርብ» ስንለው የኖርነውን ልጅ አንድ ቀን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አጥቁር እንለዋለን። ልጆቹ ሞኝ አይደሉም። ከ11ኛ ጀምሮ ፕሮጀክቱን ትተው የድሮ ወርክሺት ነው የሚያገላብጡት። እኔም መምህሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሚያዝያ ከገባ በኋላ ሌላ ነገር አላስተምርም።

ስለዚህ አባት፣ ካርዱን አትመን። የሚከተለውን ጠይቅ። ትምህርት ቤቷ ለ11ኛና ለ12ኛ የትኛው መስመር ላይ ጠንካራ መምህራን አሉት? አንዳንድ ትምህርት ቤት የናቹራል ክፍሎቹን ለጥሩ መምህራን ይሰጥና ሶሻሉን ለተረፈው ይተዋል። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ማን ነው? ከአምናው ወይም ከካቻምናው የሶሻል ተማሪዎች ስንቱ አለፈ? ዳይሬክተሩ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ እንዲነግርህ ነው መጫን ያለብህ። በ2014ቱ ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ናቹራል ይሁን ሶሻል የሚለው ክርክር ራሱ ትርጉም የለውም።

የሁለት ልጆች አባት
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። የአምናውን ቁጥር የመጠየቅ ሐሳብ በፍጹም አልመጣልኝም ነበር። የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ያለው አጠቃላይ ቁጥር ነው፤ ሶሻልና ናቹራል ብሎ አይለይም። ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ።

እናት_ነኝ_ሳሪስ
ሁላችሁም ስለ ዝንባሌ ታወራላችሁ። ዝንባሌ ቅንጦት ነው። የእኔ ልጅ ሥዕል ይወዳል፣ ሥዕል ይብላ? መንግሥት ራሱ በ2000ዎቹ 70 በመቶ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ሶሻል ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመድብ ምን ነገረን? ሥራው ሳይንሱ ጋ ነው አለን። እኛም ሰማን።

ቦሌ ሚካኤል
@እናት_ነኝ_ሳሪስ ትክክል።

ሶሻል ነኝ አልደበቅም
እናቴ፣ ያ 70/30 ያስመረቃቸው ኢንጂነሮች የት ናቸው? በእኛ ሰፈር ብቻ ሲቪል ተመርቆ ራይድ የሚነዳ አለ። ስድብ አይደለም፣ ሥራ ሥራ ነው፤ ግን «ናቹራል ሥራ አለው» የሚለውን እስቲ እንደገና አስቡት። ወንበሩ ስለበዛ ሥራው አልበዛም።

እናት_ነኝ_ሳሪስ
ልጄ፣ ሕግ ተምረሽ ስትመረቂ አገኝሻለሁ 😄

ናይሮቢ ቁጭ ብዬ
እኔ የምኖረው ናይሮቢ ነው። ሴት ልጄ በኬንያ ሥርዓት ነው የምትማረው፤ እንደ አጋጣሚ ዘንድሮ 10ኛ ገብታለች። እናንተ የምታወሩትን ነገር እዚህ ላለፉት ዓመታት ሌት ተቀን ሲያወሩት ነው የከረሙት፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

እዚህ 8-4-4 የሚባለው የድሮው ሥርዓት (8 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 4 ሁለተኛ ደረጃ፣ 4 ዩኒቨርሲቲ) እ.ኤ.አ. በ1985 ነው የመጣው። ሲቢሲ የሚሉት በብቃት ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2017 ተሞክሮ በ2019 በታች ክፍሎች ተጀመረ። የእኔ ልጅ ያኔ 3ኛ ክፍል ነበረች። ያ ባች የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ነገር በእነሱ ላይ ተሞከረ፤ 6ኛ ክፍል ሲደርሱ አዲስ ምዘና፣ 7ኛ ሲደርሱ የት ይማሩ የሚል ክርክር፣ 9ኛ ሲጨርሱ አዲስ ፈተና። እ.ኤ.አ. ጥር 2026 ላይ ሲኒየር ስኩል የሚሉትን ገቡ።

ምርጫው እንዲህ ነው። 10ኛ ሲገቡ ሦስት መስመር አለ። ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሂሳብ)፣ ሶሻል ሳይንስ፣ እና ኪነ ጥበብና ስፖርት። አዎ፣ ስፖርትና ሙዚቃ ራሱን የቻለ መስመር ነው። እንግሊዝኛ፣ ኪስዋሂሊና ሂሳብ ለሁሉም ግዴታ ነው። ከዚያ እንደ መስመሩ ሦስት ትምህርት ይመርጣሉ። መንግሥት 60 በመቶው ስቴም፣ 25 በመቶው ሶሻል፣ 15 በመቶው ኪነ ጥበብና ስፖርት ይሆናል ብሎ ነው ያቀደው።

የሚገርማችሁ የሂሳቡ ነገር ነው። መጀመሪያ ሂሳብ ለሁሉም ግዴታ አይሁን ተብሎ ነበር። ወላጅና መምህር ጮኸ። እ.ኤ.አ. በ2025 መለሱት፤ ግን ሁለት ዓይነት አድርገው። ስቴም የሚገባው ጠንከር ያለውን፣ ሌላው ቀለል ያለውንና ለኑሮ የሚጠቅመውን ይማራል። ይሄን ወድጄዋለሁ። ልጄ ሶሻል ነው የመረጠችው፤ ከሂሳብ አላመለጠችም፣ ግን ካልኩለስ አልጫኑባትም።

9ኛ ላይ ያገኘችውም ውጤት የአንድ ቀን አይደለም። 60 በመቶው ከ9ኛው ፈተና፣ 20 በመቶው ከ6ኛው ምዘና፣ 20 በመቶው በትምህርት ቤት ከተሠራው ነው። ውጤቱም «ከ100 ይሄን ያህል» ተብሎ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ አልተደረደረም፤ በስምንት ደረጃ ነው።

የሁለት ልጆች አባት
@ናይሮቢ ቁጭ ብዬ በጣም አመሰግናለሁ። እንዲህ ሲሰማ ጥሩ ይመስላል። መጥፎ ጎኑስ?

ናይሮቢ ቁጭ ብዬ
ኧረ አለ! ወጪው ለብቻው ነው። ታች ክፍል ሳለች የማልገዛው ነገር አልነበረም፤ ካርቶን፣ ቀለም፣ ማኒላ ወረቀት። አንድ ጊዜ የወፍ ማስፈራሪያ ሠርታ ትምጣ ተባለ። እኔና ባሌ ከሥራ መልስ ማታ ቁጭ ብለን የአሮጌ ሱሪ እግር ውስጥ ሳር ስንጠቀጥቅ አመሸን። ልጅቷ ተኝታለች። ብቃቷ የተመዘነው ግን የእሷ ነው። ይሄ ነገር እዚህ የአገር ቀልድ ሆኖ ነበር፤ ፎቶውን ሁሉም ወላጅ ይለጥፍ ነበር።

ሌላው ደግሞ ምርጫው ወረቀት ላይ ሰፊ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግን ጠባብ ነው። ሦስቱንም መስመር የሚያስተምሩት ሁሉም ትምህርት ቤቶች አይደሉም። ሙዚቃ የወደደ የገጠር ልጅ ሙዚቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አጠገቡ ከሌለ ወይ ቤቱን ጥሎ አዳሪ ይገባል ወይ ያለውን ይማራል። መምህሩ ያለው ነገር እዚህም ያው ነው፤ ከልጁ ዝንባሌ በፊት የትምህርት ቤቱ ዕቃና መምህር ይወስናል።

የድሮ ማትሪክ
ልጆች፣ ይሄ ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ ነው የሚል እንዳይኖር። በእኛ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ የእንጨት ሥራ ነበር፣ ብረታ ብረት ነበር፣ ታይፕና ሒሳብ አያያዝ ነበር፣ ሆም ኢኮኖሚክስ ነበር፣ እርሻ ነበር። አሁንም ስማቸው ላይ «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚል ያለባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሁሉን አጠቃሎ ያስተምር ነበርና ነው። እኔ የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን የሠራሁት በትምህርት ቤት ነው። እስካሁን ቤቴ አለ፤ አንድ እግሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ማሽኑ ሲሰበር የሚጠግን ጠፋ። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ የሚተካው ጠፋ። ክፍሉ መጋዘን ሆነ። ሐሳብ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው የዕቃ መግዣ በጀትና መምህር ነው። አሁን ደግሞ ከ11ኛ ጀምሮ የሙያ ትምህርት እንመልሳለን ሲሉ ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ግን መጀመሪያ መጋዘኑን ያውጡት።

ብረት በያጅ
ጋሼ ልክ ነዎት። እኔ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው የማስተምረው። «ብቃት» ብቃት እየተባለ እሰማለሁ፤ ብቃት ማለት ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ እኛ ጋ ይምጣና የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ይይ። መዛኙ ብረቱን ይሰጥሃል፣ ንድፉን ይሰጥሃል፣ ሰዓቱን ይይዛል። ብየዳህ ከያዘ ይዟል፣ ካልያዘ አልያዘም። «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ አይደለም» ነው። 70 ከመቶ የሚባል የለም። ያልቻለ ተመልሶ ተለማምዶ ይመጣል፤ ስድብ አይደለም።

የሚገርመው ግን ይህንን ስንሠራ እንደ ውዳቂ ነው የምንታየው። ድሮ 10ኛ የወደቀ ነበር ወደ እኛ የሚላከው፤ ያ ስም እስካሁን አልለቀቀንም። አሁን የ10ኛው ፈተና ቀርቷል። ከ12ኛ የወደቁት ናቸው የሚመጡት፤ ሁለት ዓመት ቆይተው፣ ሞራላቸው ደቆ። ከእነዚህ ውስጥ በ16 ዓመታቸው ቢመጡ አገር የሚያስደንቁ ልጆች አሉ። በእጁ የሚሠራ ልጅ ናቹራል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የኬሚስትሪ ቀመር ሲሸመድድ ሁለት ዓመት ያባክናል።

አባት፣ ስለ ሴት ልጅህ ምንም አልልም፤ ታሪክና ኢኮኖሚክስ የምትወድ ልጅ ሶሻል ትግባ። ይሄን ክር የሚያነቡ ሌሎች ወላጆች ግን ሦስተኛ በር እንዳለ ይወቁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ልጄ ሃይስኩል ናት። ናቹራል ሶሻል የሚባል የለም። አንድ ተማሪ ፊዚክስም ታሪክም ሴራሚክስም በአንድ ዓመት ይወስዳል። ክሬዲቱን መሙላት ብቻ ነው። ካውንስለር አላት፣ ቁጭ ብላ ታማክራታለች። ለምን እንደዚህ አይደረግም?

መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ
@ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድሜ፣ በእኛ ትምህርት ቤት ካውንስለሩ እኔ ነኝ። የክፍል ኃላፊም እኔ ነኝ። ቅጹን የምሰበስበውም እኔ ነኝ። ባለፈው ደግሞ የኳስ ዳኛ ሆኜ ነበር።

11ኛ_ቢ
ሰላም። እኔ አሁን 11ኛ ናቹራል ነኝ። ተማሪ እስካሁን ስላልተናገረ ልናገር።

እኛ ክፍል ውስጥ ናቹራል ከገቡት ልጆች ግማሹ ፈልጎ አልገባም። ጓደኛው ስለገባ ነው። ወይ ቤተሰብ ስላለው ነው። ወይ ደግሞ «ናቹራል ገባሁ» ማለት ስለሚያምር ነው፤ እውነት ነው የምላችሁ። ሶሻል የገባች ጎበዝ ልጅ ካለች «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ይጠይቋታል። እንደ በሽታ።

ግን ናቹራል ውስጥም ያልጠበቅኩት ነገር አለ። እርሻ እንደ ትምህርት አለ። መጀመሪያ ስቀን ነበር። አሁን ከወደድኳቸው አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ስለ አፈርና ስለ ዘር የሚለውን ወደ አያቴ ቤት ስሄድ አየዋለሁ። አይቲ ደግሞ አለ፤ ኮምፒውተር የለም። መምህሩ ማውስን ሰሌዳ ላይ ስሎ ነው ያስረዳን። መጽሐፉም በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው፣ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ያነባል።

ለአባቷ የምለው፣ ልጅቱን በስሜት አታስወስኗት። የ11ኛ የሁለቱንም መስመር መጽሐፎች ስልኳ ላይ ታውርድ። አንድ ሳምንት ታገላብጥ። የ11ኛ ፊዚክስ ከ10ኛው በጣም ይለያል፤ ቬክተር ላይ ግማሹ ክፍል ቀረ። የ11ኛ ኢኮኖሚክስንም ታየው፣ «ታሪክ ስለምወድ» ብላ ገብታ ግራፍ ሲመጣ እንዳትደነግጥ።

የሁለት ልጆች አባት
@11ኛ_ቢ ተባረክ ልጄ። ከሁሉም ምክር ያንተን ዛሬውኑ እንሠራዋለን።

ከትምህርት ቤቱ ተመልሻለሁ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ «እንደዚያ ለይተን አናወጣም» አለኝ። ቆሜ ስጠብቀው አውጥቶ አሳየኝ። የአምናው የሶሻል ተማሪ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ያለፈውም ትንሽ ነው። ግን የኢኮኖሚክስ መምህሯን አገኘኋት። ወጣት ናት፣ ትጉህ ናት፤ ለ12ኛዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ታስጠናለች። ሂሳቡን የሚያስተምራቸው ግን እስካሁን አልተመደበም አሉኝ። ያ ነው ያሳሰበኝ።

ሶሻል ነኝ አልደበቅም
የሂሳብ መምህር ከሌለ ለሂሳብ ብቻ ቲቶር ያዝላት። ሌላውን ራሷ ትወጣዋለች። ከእኔ ባች ያለፍነው ሶሻሎች ሁላችንም ሂሳብ ያላቋረጥነው ነን።

እናት_ነኝ_ሳሪስ
ቲቶር በወር ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ድሃ ወላጅ ምን ያድርግ ታዲያ?

ብረት በያጅ
እናት፣ ሦስት አራት ተማሪ ሆነው አንድ ቲቶር ይያዙ። በእኛ ሰፈር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ክረምት ሲመጡ በቡድን ያስተምራሉ፤ ብዙ አያስከፍሉም።

ናይሮቢ ቁጭ ብዬ
አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ኬንያም «አሁን ጥሩ ነው» ብላችሁ አትውሰዱ። ልጄ ገና ጀመረች፤ መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በምን እንደሚለኩ ያኔ ነው የምናየው። እስከዚያ የመጀመሪያው ባች ወላጅ መሆን ማለት በየዓመቱ መመሪያ ሲለወጥ መስማት ነው።

መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ
ይሄን ነጥብ ወድጄዋለሁ። በኛም አገር መጨረሻ ላይ ያለው ሚዛን ነው ታች ያለውን የሚቀርጸው። ውጤቱ ከ2014ቱ ትንሽ ተሻሽሏል፤ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ አልፏል። የ12ኛው ፈተና ግን አሁንም ምርጫ ማጥቆር ነው። ልጁ አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየቱ ከጠቅላላ ውጤቱ 20 በመቶ እንኳ ቢይዝ፣ እኔ ያንን ላብራቶሪ ሰብሬ እከፍተው ነበር። ዳይሬክተሩም ቁልፉን ይፈልግልኝ ነበር።

ቦሌ ሚካኤል
አንድ ጥያቄ። 11ኛ ሶሻል ከገቡ በኋላ ሐሳብ ቢቀየር ወደ ናቹራል መመለስ ይቻላል? ልጄ የሚመጣው ዓመት ነው የሚመርጠው። ማለቴ ለእኔም ያስፈልገኛል።

መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ
@ቦሌ ሚካኤል እኛ ትምህርት ቤት የምንሠራበትን ልንገርህ፤ ሌላው ቦታ ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን ጠይቁ። መስከረም ላይ ክፍል እንደተጀመረ፣ ቦታ ካለ፣ ወላጅ መጥቶ ከፈረመ እንቀይራለን። የመጀመሪያው ሰሚስተር ፈተና ከተፈተነ በኋላ ግን እምቢ እንላለን፤ የሌላው መስመር ውጤት ስለሌለው ሬጅስትራር አይቀበልም። ከናቹራል ወደ ሶሻል የሚሄድ ብዙ ነው። ከሶሻል ወደ ናቹራል የመጣ ግን በማስተማር ዘመኔ ጥቂት ነው፤ ከእነሱም አንዷ አሁን ነርስ ናት። ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልጁ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት፤ ታኅሣሥ ላይ መጥታችሁ አታልቅሱብኝ።